«ስሜ የለም»፦ ከዳታቤዝ የጠፉ አባላትን ስፈልግ የከረምኩበት ነሐሴ

መኖሪያዬ ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ አካባቢ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ በጉም ውስጥ እየተንፏቀቅኩ እወጣለሁ። የምሠራው በአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የአባላቱን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያዛወርኩት እኔ ራሴ ስለሆንኩ፣ ከዚህ በታች የምተርከውን ጥፋት የማላክክበት ሰው የለኝም። የምጽፈው በኤስኪውኤል (ዳታቤዝን በምንጠይቅበት ቋንቋ) የሚሠሩ ሰዎች፣ በተለይ እንደ እኔ በአንድ ቢሮ ውስጥ ብቻቸውን የሚሠሩ፣ እኔ የገባሁበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገቡ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ 2016 ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል፣ አባላት የትርፍ ድርሻቸውን እየጠበቁ ነው። የማኅበሩ ደንብ አጭር ነው፦ አባልነቱን ያላቋረጠና በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር የቆጠበ ሰው ድርሻ ያገኛል። መጠይቁን፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚሰጠውን ትእዛዝ፣ ጻፍኩ፣ ዝርዝሩን አተምኩ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። በዝርዝሩ ላይ 1,000 ሰው ነበር። ልክ 1,000።

ይህ ቁጥር ብቻውን ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን እንዲያውም ደስ አለኝ። ለካስ መጠይቅ የምጽፍበት ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች፣ ካልነገሩት በስተቀር ከ1,000 ረድፍ በላይ አያመጣም። ከመሰሎቹ ፕሮግራሞች ዲቢቨር በመጀመሪያ የሚያመጣው 200 ነው፤ ፒኤችፒማይአድሚን በአንድ ገጽ 25 ያሳያል። እናንተም የመጠይቃችሁ ውጤት እንዲህ ድፍን ቁጥር ሆኖ ካገኛችሁት፣ ከዳታቤዙ በፊት መሣሪያችሁን ጠርጥሩ። ገደቡን ሳነሳው ዝርዝሩ 1,096 ሆነ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጥተው «አሁንስ ሁሉም ገብቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ማረጋገጥ ይቻላል አልኳቸው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ገምግማ የመለሰችልኝን የኤክሴል ዝርዝር ወደ ዳታቤዙ አስገባሁና እንዲህ የሚል መጠይቅ ጻፍኩ፦ አባልነታቸውን ካላቋረጡት መካከል ቁጥራቸው በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሰዎችን አምጣ («ውስጥ የሌለ» በኤስኪውኤል ኖት ኢን ነው)። ውጤቱ ዜሮ ረድፍ። ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዙሬ «ማንም አልቀረም ጋሼ» አልኩ። በዚያ ወር ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ዛሬም ፊቴን የሚያቀላው ይህ ነው። የመጀመሪያው መጠይቅ ቢሳሳት ባልከፋ፤ ማረጋገጫዬ ራሱ ዋሸኝ፣ እኔም ምስክር ሆንኩለት።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ከፊት የቆሙት ከፋብሪካ በጡረታ የተገለሉ እናት ናቸው፤ ነጠላቸው ከዝናቡ ርሷል። «ስሜ የለም» አሉኝ። ቁጥራቸውን ጠየቅኳቸው፤ 318። ፈለግኩ። «እማማ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሉም» አልኳቸው። የቁጠባ ደብተራቸውን ከላስቲክ ውስጥ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና «እዚህስ አለሁ?» አሉ። ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ የየወሩ ተቀማጭ፣ ሁሉም በቦታው አለ። የምለው ጠፋኝ። «አብሽር ልጄ፣ ቀስ ብለህ ፈልገኝ» አሉኝ። ተበዳይዋ እሳቸው፣ የሚጽናናው እኔ!

«ኮምፒውተሩ ውስጥ የሉም» ማለት ውሸት ነበር። ዳታቤዙ ውስጥ ነበሩ፤ የሌሉት እኔ በጠየቅኩት ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው። ይህን ልዩነት ቀድሜ አውቄው ቢሆን ኖሮ ያንን ቃል ከአፌ አላወጣም ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ደሴ ገብቼ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ አልተኛሁም። መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜዬ መገመት ጀመርኩ፦ ይህን ቃል ልቀይር፣ ያንን መስመር ልሰርዝ፣ እስቲ አሁን ልየው። አንድ ሰዓት እንዲሁ ባከነ። ከዚያ መጠይቁን ዘግቼ አሮጌ ደብተር አወጣሁ። የወሰንኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከታች ተነስቼ አንድ ሠንጠረዥ ወይም አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ እየጨመርኩ በየደረጃው ስንት ሰው እንደቀረ እጽፋለሁ። ሁለተኛ፣ ቁጥር 318ን እከተላቸዋለሁ፤ የት ላይ እንደሚጠፉ በዓይኔ አያለሁ።

ደብተሬ ላይ የሰፈረው ይህ ነው። የአባላት ሠንጠረዥ ብቻውን 1,214። ከሥራ ቦታዎች ሠንጠረዥ ጋር ሲጣመር 1,176። ያቋረጡት ሲወጡ 1,127። ከተቀማጩ ጋር ሲጣመር 1,108። ስድስት ወር ያልሞላቸው ሲወጡ 1,096። አምስት ቁጥር። እነዚህን ጽፌ ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ያስጨነቀኝ ነገር እዚያ ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

እማማ የጠፉት በመጀመሪያው እርምጃ ነው። የተጠቀምኩት ኢነር ጆይን ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለቱም በኩል ጓደኛ ያላገኘውን ረድፍ ሳይናገር ይጥላል። ለጡረተኞች የሥራ ቦታ ኮድ አልነበረኝም፤ ስመዘግባቸው ባዶ ትቼው አልፌ ነበር። 38 ሰው በዚህ ብቻ ተባረረ። የሚያናድደው ደግሞ የሥራ ቦታው ስም ያስፈለገው ዝርዝሩ ላይ እንዲታይ ብቻ ነበር፤ ለጌጥ በጨመርኩት ዓምድ ምክንያት 38 ሰው አወጣሁ። ጓደኛ ያጣውን አባል ወደማይጥለው ሌፍት ጆይን ቀየርኩት፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፣ ያው 1,176። የዚህን ምክንያት ለማግኘት ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፦ ከታች በዌር (ረድፎችን በሚያጣራው ክፍል) ሥር የሥራ ቦታው «ክፍት» መሆን አለበት የሚል መስመር ነበረኝ። ሌፍት ጆይን ያመጣቸው ጡረተኞች በዚያ ዓምድ ላይ ባዶ ስለሆኑ፣ አንዱ በር ሲያስገባቸው ሌላው በር ያስወጣቸዋል። መስመሩን ከዌር አንስቼ ወደ ኦን (ሠንጠረዦቹ በምን እንደሚጣመሩ ወደሚናገረው ክፍል) ስወስደው 1,214 ሙሉ ሆኖ መጣ።

ሁለተኛው የባዶ ነገር ነው። በወረቀቱ መዝገብ ያቋረጡት 27 ናቸው፤ መጠይቄ ግን 49 ሰው አስወጣ። የተረፉት 22ቱ አዲስ አባላት ናቸው፤ ሲመዘገቡ «የአባልነት ሁኔታ» የሚለውን ዓምድ ማንም አልሞላውም። እኔ «ሁኔታው ከ‹ያቋረጠ› የተለየ» ብዬ ስጽፍ ባዶው የተለየ መስሎኝ ነበር። ዳታቤዝ ግን እንደዚያ አያስብም። ያልተሞላው ቦታ በእሱ ቋንቋ ናል ይባላል፤ ናል ማለት ዜሮም ባዶ ጽሑፍም ሳይሆን «አላውቅም» ማለት ነው። አቋርጧል ወይ ብትሉት አላውቅም፤ አላቋረጠም ወይ ብትሉትም አላውቅም። ለዌር ደግሞ እርግጠኛ «አዎ» ካልሆነ በስተቀር አይበቃውም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ስትጽፉ «ወይም ባዶ የሆነ» የሚለውን በኢዝ ናል ጨምሩበት። እኩል ይሆናል ምልክት አድርጋችሁ ናል ብትጽፉ በፍጹም አንድም ረድፍ አይመጣላችሁም።

ዓርብ ለሰብሳቢው ያሳየኋቸው ዜሮ ምስጢርም የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ያስገባሁትን ዝርዝር ረድፉን ሁሉ በሚቆጥረው በካውንት ኮከብ ስቆጥረው 1,097፣ በአባል ቁጥር ዓምድ ስቆጥረው 1,096 አለኝ። በዓምድ የሚቆጥረው ካውንት ባዶውን ይዘላል። ያ አንድ ትርፍ ረድፍ ማን ነው ብዬ ብከፍተው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ከኤክሴሉ ግርጌ የጻፈችው «ድምር» ነው። የአባል ቁጥር የለውም። ኖት ኢን ደግሞ እያንዳንዱን ሰው ከዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ እያወዳደረ «ከዚህ ይለያል? ከዚህስ?» እያለ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ባዶው ጋ ሲደርስ «ከማላውቀው ነገር መለየቱን አላውቅም» ይላል። በዚህ ምክንያት ስለማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፣ ማንንም አያመጣም። 91 የጠፉ ሰዎችን «ድምር» የምትል አንዲት ቃል ሸፈነቻቸው። ከዚያ ወዲህ ኖት ኢን አልጽፍም፤ በምትኩ ኖት ኤግዚስትስ («እንዲህ ያለ ረድፍ የለም» የሚለውን) እጠቀማለሁ፣ እሱ በባዶ አይታለልም። በእርግጥ ዓርብ ዕለት አንዲት መቀነስ ብሠራ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፦ 1,214 ሲቀነስ 1,096፣ 118 ይሆናል፤ ያቋረጡት 27 ናቸው፤ የቀሩት የት ሄዱ?

ሦስተኛው ኪሳራ ፊደላችን ያመጣው ነው። የፋብሪካ ደመወዝ ክፍሎች በየወሩ የቆረጡትን ቁጠባ በኤክሴል ይልኩልናል፤ የአባል ቁጥር አይጽፉም፣ ስም ብቻ። እኔም በስም አጣመርኩ። የእኛ መዝገብ ሰውየው እንደሚፈርመው «ሐሰን» ይላል፤ የደመወዝ ጸሐፊው «ሀሰን» ብሎታል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው። ዳታቤዝ ግን ጆሮ የለውም። እነዚህ ፊደላት በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ ዝርዝር) ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየራሳቸው ኮድ ስላላቸው፣ ለእሱ ሐሰንና ሀሰን እንደ ሐሰንና ከድር የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፀሐይና ጸሀይ፣ ኃይሉና ሀይሉ፣ ዓለምና አለም፣ ሠናይትና ሰናይት፤ 19 ሰው በዚህ ወጥመድ ተይዟል። ከእነሱ ውስጥ የሁለቱ ፊደል ትክክል ሆኖ ከስማቸው በፊት አንድ ክፍት ቦታ ተጨምሮበት ተገኘ፤ ያንን በዓይን ማየት አይቻልም፣ የፊደሉን ብዛት መቁጠር ነው የሚያጋልጠው።

መፍትሔው ምን መሰላችሁ? ስሙን ማረም አይደለም። መጀመሪያ እጄን የበላኝ ሁሉንም በአንድ ፊደል ጽፌ መገላገል ነበር፤ ግን ሰው ስሙን የሚጽፍበትን ፊደል እኔ ልመርጥለት አልችልም፣ ሰነዱ ላይ ደግሞ እንደዚያው ነው የሚፈርመው። ስለዚህ ስሙን እንደነበረ ትቼ ለማወዳደሪያ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ አበጀሁ። በእሱ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲቆጠር 35 ፊደል ነው፤ በላዩ ላይ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። መጀመሪያ ግዕዙን ብቻ ለውጬ «ሑሴን» እና «ሁሴን» አልገናኝ ስላሉኝ ነው ሰባቱንም የምላችሁ። ይህም ቢሆን ጊዜያዊ ነው። በወሎ ከተሞች ውስጥ እስከ አያት ድረስ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ እኔም አግኝቼ የአንዱን ቁጠባ ለሁለቱም ቆጠርኩ። ዛሬ የአባል ቁጥር ሳይጻፍበት የመጣን ኤክሴል አልቀበልም፤ ተጨቃጭቄም ቢሆን አስለምጃቸዋለሁ።

ሰኞ ዕለት 1,175 ስም ያለው አዲስ ዝርዝር ተለጠፈ። ከቀሩት ውስጥ 27ቱ ያቋረጡ ናቸው፤ 12ቱ ደግሞ ስድስት ወር አልሞላቸውም። ይህ የመጨረሻው ማጣሪያ ደንቡ ራሱ የሚለው ስለሆነ አልጠረጠርኩትም። ለእማማ ደውዬ ስማቸው መውጣቱን ነገርኳቸው፤ መረቁኝ።

ሐሙስ ተመልሰው መጡ። «ስሜስ መጣ፤ የጥቅምቱ ብሬ የት ሄደ?»

ደብተራቸውንና ስክሪኑን ጎን ለጎን አድርገን በጣታችን እየተከተልን አነበብን። ሐምሌ 30፣ አለ። ነሐሴ 30፣ አለ። መስከረም 30፣ አለ። እሳቸው «ጥቅምት 30» ሲሉ እኔ «ኅዳር 30» አልኩ። በደብተራቸው 12 መስመር፣ በእኔ ስክሪን 11። ሌላ አባል ከፈትኩ፤ ጥቅምት የለውም። ሌላ ከፈትኩ፤ እሱም የለውም። የራሴንም ከፈትኩ። ላብ አጠመቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኑን የማስቀምጥበት ዓምድ የቀን ዓይነት ነው፤ እሱ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ ነው። እኔ ግን በእኛው አቆጣጠር ነበር የምጽፍበት፤ መስከረም 1ኛ ወር፣ ጥቅምት 2ኛ ወር እያልኩ። ለብዙዎቹ ወሮች ችግር የለውም፤ የእነሱ ወር 30 ወይም 31 ቀን ስላለው የእኛን ይችለዋል። ሁለተኛው ወራቸው ግን ፌብሩዋሪ ነው። 28 ቀን አለው፣ ቢበዛ 29። ስለዚህ ጥቅምት 30 በየዓመቱ የሌለ ቀን ነው፤ ጥቅምት 29ም ከአራት ዓመት ሦስቱን የለም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አይታሰብም። ገንዘብ ያዧ ደግሞ የወሩን ተቀማጭ ሁሉ በ30 ነው የምትመዘግበው።

ዳታቤዙ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ይህን መናገር አለብኝ። ማይኤስኪውኤል ከ5.7 ጀምሮ በራሱ ጥብቅ ነው፤ የሌለ ቀን ስትሰጡት ስህተት ነው ብሎ ይመልሳችኋል። እኔ የድሮውን መዝገብ ሳስገባ እየደጋገመ እምቢ ሲለኝ ተናድጄ ጥብቁን ሁነታ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ እሺ ባይ ሆነ፦ የማያውቀውን ቀን ሁሉ ዓመቱንም፣ ወሩንም፣ ቀኑንም ዜሮ አድርጎ ዝም ብሎ አስቀመጠው። መጠይቄ «ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30» ሲል እነዚህ ዜሮዎች ከክልሉ ውጪ ናቸው። ከሺህ በላይ ረድፍ እንደዚያ ተቀምጦ አገኘሁ።

ስለዚህ 12ቱ ሰዎች የችግሩ ጫፍ ብቻ ነበሩ። በትክክል ስድስት ወር የቆጠቡት አንዱ ጠፍቶ አምስት ሆኖባቸው ከዝርዝሩ ወጡ፣ ታዩም። ሌሎቹ ግን ስማቸው በዝርዝሩ ላይ እያለ የአንድ ወር ቁጠባ ጎድሎባቸው ነበር፤ ማንም አላወቀም። ከእማማ በስተቀር ደብተሩን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳከረ ሰው አልነበረም። ገንዘቡ ገና አልተከፈለም ነበርና ለሰብሳቢው በዚያው ሰዓት ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ ዓርብ ያሳየኸኝ ዜሮ ምን ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ያለፉት ዓመታት ክፍፍል በእጅ የተሠራ መሆኑ አተረፈኝ።

ዜሮ የሆነ ቀን ጥቅምት ይሁን ጳጉሜን ከዳታቤዙ ማወቅ አይቻልም። ከገንዘብ ያዧ ጋር አምስት ቀን የገቢ ደረሰኝ ስናገላብጥ ከረምን። ወረቀቱን አቃጥለነው ቢሆን ኖሮስ? አንዳንድ ቢሮ «ወደ ኮምፒውተር ገብቷል» ተብሎ መዝገብ ሲጣል ባየሁ ቁጥር ያ ሳምንት ትዝ ይለኛል። አሁን ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ እኛ ይለወጣል። ይህ የሚከብዳችሁ ከሆነ ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት የቁጥር ዓምዶች ለያይታችሁ አስቀምጡ። ጥብቁን ሁነታ ደግሞ መልሼ አብርቼዋለሁ፤ ሲጮህብኝ አሁን ደስ ይለኛል።

ደሴ ላይ መድኃኒት ቤት ያለው ጓደኛዬ ይህን ስነግረው የእሱም ሽያጭ በየወሩ እንደሚጎድል ነገረኝ። የእሱ ሌላ ነው፦ ሽያጩ ከነሰዓቱ ስለሚመዘገብ «እስከ 30» ሲል ዳታቤዙ የሚረዳው 30ኛው ቀን የሚጀምርበትን እኩለ ሌሊት ነው። የመጨረሻው ቀን ሽያጭ በሙሉ ይቀራል። «ከቀጣዩ ቀን በፊት» ብሎ ሲጽፈው ተስተካከለ። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚመዘገብ ሰርቨር ካላችሁ ደግሞ እኛ ሦስት ሰዓት እንቀድመዋለን፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተሸጠው በትናንትናው ቀን ይገባል። ለአዳር ተረኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በመጨረሻ ከ12ቱ ዘጠኙ ገቡ፤ ሦስቱ እውነትም ስድስት ወር አልሞላቸውም። 1,184። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሰሌዳው ላይ ሁለት ወረቀት ነው የምለጥፈው፦ አንዱ ድርሻ የሚያገኙት፣ ሌላው የማያገኙት፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ምክንያቱ ተጽፎ። ያን ዓመት ሁለተኛው ወረቀት ላይ 30 ስም ነበር፤ የሁለቱ ድምር 1,214 ካልመጣ አልለጥፍም። እማማ አሁንም በየነሐሴው ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚያነቡት ሁለተኛውን ወረቀት ነው፤ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች ካወረዱ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው «የለሁም» ይሉኛል፣ እየሳቁ።